የሐይቁ ምሥራቅ ዳር

ሰኞ፣ ጥር 8 ቀን 1931

ሙቀቱ ገና በጥር ጀመረ። ጠዋት ዳዊቴን ደግሜ ወደ መንገድ ሥራው ወረድኩ። ድንጋይ ፈላጮቹ ውሃ አነሰን ብለው አጉረመረሙ። ለጣሊያኑ መሐንዲስ፣ ለቱሊዮ፣ በቋንቋው ነገርኩት። "ነገ" አለ። "ነገ" ብዬ ተረጎምኩ። ሥራዬ ይኸው ነው... የሰው ቃል ተቀብሎ ማድረስ።

ሳልፍ አንዱ ፈላጭ "የፈረንጅ ምላስ መጣ" አለ። እንዳልሰማ ሆንኩ። ምን ልመልስ? ውሸቱን ነው?

ለራት ጎመን ቀቀልኩ። ጨው በዛበት። ባለቤቴ ወርቅነሽ ካረፈች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ እኔ ጨው መመጠን አሁንም አላወቅሁም።

ማክሰኞ፣ ጥር 9

ኢብሮ መጣ። ከአፋር በግመል ጨው የሚያመጣው፣ አርጎባው ወዳጄ። ከልጄ ከአስካለ ቃል ይዞ ነው።

"ጋሼ ዘውዴ፣ ደህና ናት። ሕፃኗም ወላሂ ወፍራለች። ሰማንያ ቀኗ የካቲት አራት ይሞላል፤ ክርስትና የሚያነሳ ቄስ እኛው ጋ አለ፣ አባቴ ይምጣልኝ ብላለች።"

ባሏ ሽፈራው አርበኛ ነው። እኔን ሳትጠይቅ ተከትላው በረሃ ወረደች። ያን ቀን "ከእንግዲህ ልጅ የለኝም" አልኩ። ከአፌ ወጣ... ይኸው ዓመት ከመንፈቅ። እሱ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ ገባ ሲል እሷ ቆላ ካለው ሐይቅ ዳር፣ በምዕራብ በኩል፣ ከሾላው ሥር ተደብቃለች።

"እና ምን ልበላት?"

"ደህና ነው በላት።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ግመሌ እንኳ ከአንቱ የተሻለ ወሬ አላት" ብሎኝ ወጣ።

ሐሙስ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

ታቦቱ ወንዝ ወረደ። ቱሊዮና ሚስቱ ኤልዳ ፎቶ ማንሻቸውን ይዘው መጡ። እሷ ከገበያ ሴቶች ጥቂት አማርኛ ለቅማለች። "ጋሼ" ትለኛለች፤ ባሏ ይስቅባታል።

"ቅዳሜና እሁድ ሥራ የለም" አለኝ። "ከሚስቴ ጋር በረሃውን እንዞራለን። ቆላ ሐይቅ አለ አሉ። አንተ ትመራናለህ።"

ዓይኔን ወደ ታቦቱ አዞርኩ።

"ጋሼ፣ ወፍ አለ?" አለች እሷ።

"ብዙ አለ" አልኳት።

ለምን አልኩ? ሐይቁ ደርቋል ማለት ይሻል ነበር። በታቦት ፊት መዋሸት አቃተኝ። ነገ ግን እችላለሁ ማለት ነው?... አቤቱ።

ከገበያ ኢብሮን ፈልጌ አገኘሁት። "ገሥግሠህ ንገራት። ቅዳሜ ሐይቁ ጋ ይደርሳሉ። ከሾላው ሥር ትነሳ።"

"አይስጉ። መኪናቸው ቢበረታም ወሬን አይቀድምም፣ ኢንሻአላህ።"

ዓርብ፣ ጥር 12

ጾም ነው። ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። መልእክቱ ባይደርስስ? ግመል ይታመማል፣ ሰው ይታሠራል። ወደ ሐይቁ ሁለት መንገድ አለ። የምዕራቡ ደልዳላ ነው፤ በሾላው ሥር ያልፋል። የምሥራቁ ድንጋይ ነው። በምሥራቅ እወስዳቸዋለሁ።

ነገሩን ለእግዚአብሔር ሰጠሁ ብዬ ጸለይኩ። ሰጠሁት... እጄን ግን አላነሳሁለትም።

ቅዳሜ፣ ጥር 13፣ ከሐይቁ በዚህ በኩል

ፀሐይ ልትገባ ስትል እጽፋለሁ። እነሱ ድንኳን እየተከሉ ነው።

የቀወትን የማሽላ ማሳ በጠዋት አለፍን። ከዚያ በኋላ ግራር፣ አቧራ፣ ግራር። ደረቅ ወንዝ ስንሻገር መኪናው አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። ቱሊዮ ተሳደበ። እሷ ጫማዋን አውልቃ ከእኔ ጋር ገፋች። ፀጉሯ ሁሉ አሸዋ ሆኖ ትስቃለች። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ወዲያው አፈርኩ።

መንገዱ ከሚከፈልበት ስንደርስ "በምሥራቅ" አልኩ።

"ይህ በግራ ያለው አይሻልም?"

"ጭቃ ነው። መኪና ይውጣል።"

"በጥር ጭቃ?" ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ። "አንተ ዘውዴ፣ ስንቴ መጥተሃል እዚህ?"

"ብዙ ጊዜ።"

ይህ እንኳ እውነት ነበር። በምሥራቅ ሄድን። ድንጋዩ መኪናውን ሲያላጋው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ያየኝ ነበር።

ቱሊዮ ሁለት ጅግራ መትቶ ጠበሰ። በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ አልበላም፤ ቆሎዬን ቆረጠምኩ። እሷ ይህን አይታ ከቆሎዬ ዘግና አብራኝ ቆረጠመች። ምዕራቡ ማዶ ነው። ሾላው ከዚህ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ጭስ የለም። ተመስገን።

እሁድ፣ ጥር 14

እቤቴ ነኝ።

ቅዳሴ ሳልሰማ ነጋ። ወፉ ውሃውን ሞልቶታል። ቱሊዮ ጠመንጃውን ይዞ ከውሃው ዳር ቆመ፤ እሷ ፎቶ ልታነሳው ጎንበስ አለች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። በሱ ጀርባ ደንገሉ ጥቅጥቅ ብሏል። አየሁ።

አስካለ። ደንገሉ ውስጥ ተቀምጣ፣ ጆንያ ተከናንባ። ሕፃኗ እቅፏ ውስጥ። ዓይን ለዓይን ተያየን። አልተነሳችም፣ አልተንቀሳቀሰችም። በምሥራቅ ዳር! እኔው ራሴ እየመራሁ ባመጣኋቸው ዳር!

የፎቶው ማንሻ ቀጭ አለ። ያኔ ሕፃኗ አንድ ጊዜ አለቀሰች። አንድ ጊዜ ብቻ። አስካለ በእጇ አፈነቻት።

ቱሊዮ ዞረ። "ምንድነው?"

"ወፍ ነው" አልኩ።

"ምን ዓይነት ወፍ እንዲህ ይጮኻል?" ጠመንጃውን አቀባበለ። ወደ ደንገሉ አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለት። የአስካለ እጅ ከሕፃኗ አፍ አልተነሳም... ትታፈናለች አልኩ በልቤ። ወይ በጥይት፣ ወይ በእናቷ እጅ።

"ቱሊዮ!" አለች ኤልዳ። ፊቷ ነጥቷል። "ራሴን አመመኝ፣ ፀሐዩ መታኝ፣ አሁኑኑ ውሰደኝ" አለች። እሱ "ትንሽ ቆይ" አለ። እሷ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጠመንጃውን ለእኔ ሰጥቶ ደገፋት።

በመንገድ ሁሉ አልተናገረችም። አይታለች? ወይስ በእውነት አሟታል? ያ ፎቶስ?

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ኢብሮ መጣ። ሕፃኗ አለች! ተንፍሳለች።

"ግን ለምን እዚያ ሄደች?" አልኩት። ጮኽኩበት መሰለኝ።

"መልእክትዎ ደርሷት ነዋ! መኪና የሚመጣው በምዕራቡ ደልዳላ ነው፣ በድንጋዩ ማን እብድ ይነዳል ብላ ወደ ምሥራቅ ተሻገረች። አንቱ በድንጋዩ ያመጧቸዋል ብሎ ማን ያስብ?"

ተቀመጥኩ። ልኬ በደልዳላው ብወስዳቸው ትድን ነበር። ሳልልክ በምሥራቅ ብወስዳቸውም ትድን ነበር። ሁለቱንም አደረግሁ። አምላኬንም፣ ኢብሮንም፣ ልጄንም አላመንኩም።

"አሁንስ የት ናት?"

"ሸለቆ ገብታለች። ከዚያ ደግሞ የት ትሂድ? ሽፈራውም እዚያው ቁስለኛ ይዟል።"

ሰኞ፣ ጥር 22፣ የነነዌ ጾም መግቢያ

ቱሊዮ ደስ ብሎታል። ረቡዕ የጦሩ አዛዥ፣ ሻለቃው፣ እራት ይመጣል፣ የሐይቁን ፎቶዎች አሳየዋለሁ አለ። ወደዚያ የመኪና መንገድ እንዲያወጡ ሊለምነው ነው።

"ፎቶዎቹ ደረሱ?" አልኩ። ድምፄን ጠብቄ።

"ሚስቴ ናት የምታጥባቸው። ለማንም አታሳይም። ምን አጣደፈህ?"

"ሐይቁን ልየው ብዬ ነው።"

"አይተኸው የለም እንዴ?"

ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ዋልኩ። መጽሐፈ ዮናስ ተነበበ። የተላከበትን ትቶ በሌላ መንገድ የሄደ ሰው... እኔስ ማን ልኮኝ ነበር?

ሰው በፎቶው ውስጥ ካየ ሻለቃው ሸለቆውን ሁሉ ያስፈትሻል። እኔንም "ወፍ ነው" ያልከው ይህን ነው ወይ ይለኛል። ለራሴ አልፈራሁም ብዬ ልጽፍ ነበር። ፈርቻለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 24

ከራቱ በፊት ቱሊዮ አስጠራኝ። ፎቶዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። ያቺን ወዲያው አየኋት። ቱሊዮ፣ ጠመንጃው፣ ውሃው። ጀርባው... የለም። ፎቶዋ ከሌሎቹ ትጠባለች። በግራ በኩል በመቀስ ተቆርጣለች።

"ብርሃን ገብቶበት ጠርዙ ተበላሽቷል ብላ ቆረጠችው" አለ። "ፊልሙንም ጥላዋለች። ምርጡን ፎቶዬን! ሴት ልጅ ምን ይደረጋል?"

"ያም ሆኖ ያምራል" አልኩ።

ልወጣ ስል ኤልዳ በጓሮ በር ጠበቀችኝ። ከመጽሐፍ ውስጥ አንድ ቀጭን ወረቀት አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረች። ሁለት ጣት የምታህል። ደንገል፣ ጆንያ፣ የአስካለ ዓይኖች። ከእጇ ሥር የሕፃን ግንባር።

"ጋሼ" አለች። ቃል ፈለገች። "ወፍ... ያንተ።"

በሁለት ጣቷ ክብሪት መጫር አሳየችኝ። ፊልሙን አቃጠልኩት ማለቷ ነው። ምን ብዬ ላመስግናት? ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ቃል አድራሽ ነኝ፣ አንድ ቃል አጣሁ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። እሷም ጎንበስ አለች፣ ገባች።

የሕፃኗ ግንባር የወርቅነሽ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 2

ፈቃድ ጠየቅሁ።

"ለምን?" አለ ቱሊዮ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

"ክርስትና አለብኝ። የልጅ ልጄ።"

"ልጅ አለህ እንዴ?"

ኤልዳ መስኮቱ አጠገብ ትሰፋ ነበር። መርፌዋ ቆመ።

"አለችኝ" አልኩ።

ፈረመልኝ።

ኢብሮ ግመሉን ጭኖ ደጅ ይጠብቃል። ቀድሞ ሰው ሊልክ አስቦ "ምን ይበላት?" አለኝ። ምንም አይበላት፣ እኔው እነግራታለሁ አልኩት።

መንገዱን እሱ ይምራ። እኔ ከኋላው እሄዳለሁ።