«ተርሚናል» ለተባለችው ቃል ምስጋና ስለማቅረብ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ ይህች ደብዳቤ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የቢሮዎም በር እንደ ወትሮው በደንብ የተዘጋ ሆኖ እንድታገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ጤና ስል ያው የምናውቃትን ጤና ማለቴ ነው፤ እዚያ እናንተ ዘንድ ሌላ ትርጉም ካላት በአስቸኳይ ይንገሩኝና ላርማት። ሰሞኑን ቃል ሁሉ ያስፈራኛል።

ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ ስለመለሰችኝ ለመተዋወቅ አልታደልንም፤ ስለዚህ ማን እንደሆንኩ በአደባባይ ልናገር። በከተማችን መናኸሪያ የስምሪት ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ወዴት እንደሚሄድ መዝግቤ፣ በድምፅ ማጉያ ተሳፋሪ ጠርቼ፣ መኪናው ሲነሳ እጄን አውለብልቤ ስሸኝ ኖሬአለሁ። ባለቤቴ የተማሪዎች ደንብ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ግማሹ የከተማው ልጅ እሷ በሰፋችው ኮሌታ ነው ያደገው። «ነበረች» የሚለውን ቃል ገና አልለመድኩትም፤ አንድ ጊዜ ጽፌ ሰርዤው ነበር። አንዲት ልጅ አለችን፤ ራቅ ባለ ከተማ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ይህን ሁሉ የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃሏ ጥቂት እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ። በመናኸሪያችን በር ላይ ከሰው ቁመት የሚረዝሙ ስምንት ቀይ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ተተክለዋል። ተርሚናል ይላሉ። እኔ እንግሊዝኛ ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ፣ ላብ በላብ ሆኜ የማነብ ሰው ነኝ፤ ሳልቆጥር፣ ከመንገዱ ማዶ አይቼ የማነባት ቃል ብትኖር እሷ ብቻ ናት። ልጄን የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ ያስተማርኳት የመጀመሪያዋ የእንግሊዝኛ ቃል ይህችው ናት። አስተማሪ ስትሆንም «መሠረቱን የጣልኩት እኔ ነኝ» እያልኩ ለባልደረቦቼ ጉራዬን ስነዛ ኖሬአለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ወረቀቱ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ባለቤቴ ሆዷን ከታመመች በአራተኛው ወር እናንተ ዘንድ አሥራ አንድ ቀን ተኝታ ስትወጣ፣ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለ ማኅተም ወረቀት ተሰጠን። ለአንድ ሰፊና ለአንድ መኪና ጠሪ ይህን ያህል እንግሊዝኛ መስጠት ትልቅ ክብር ነው፤ እንደ ምሁር ቆጥራችሁናል። ነርሷን ምን እንደሚል ብጠይቃት «ሁሉም ተጽፏል አባት፣ ይዘው ይሂዱ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሁሉም ተጽፎ ነበር። ዐይኔን ከላይ ወደ ታች ሳንከራትት ከቆየሁ በኋላ በመጨረሻው መስመር ላይ ለብቻዋ የቆመች አንዲት ቃል አየሁ። ባዕድ አገር ስባዝን ውዬ የጎረቤቴን ልጅ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ወጣቱ ዶክተር። ትሁት ልጅ ነው፤ ዐይኑ ከድካም ብዛት ቀልቷል፤ ክፉ ሰው ነው አልልም። አልጋው ግርጌ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆሞ «ኬሱ ተርሚናል ነው፤ ከዚህ በኋላ እዚህ የምናደርገው ነገር የለም፤ ዋናው ኮምፈርተብል እንድትሆን ማድረግ ነው» አለኝ። ክቡርነትዎ፣ በሥራ ቋንቋዬ ሲነገረኝ እንዴት አይገባኝ! ተርሚናል ማለት ሰው ካንዱ መኪና ወርዶ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ነው። «እዚህ የምናደርገው ነገር የለም» ማለት እኛም ተሳፋሪው የሚፈልገው መስመር ከኛ ዘንድ የማይነሳ ሲሆን በየቀኑ የምንለው ነው። ኮምፈርተብል ደግሞ ወንበሩ ወደ ኋላ የሚተኛው አውቶቡስ ነው። ሦስቱን ስገጣጥማቸው፣ ባለቤቴን በምቹ አውቶቡስ አሳፍሬ ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል እንድወስዳት ታዘዝኩ ማለት ነው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ተነስቼ የዶክተሩን እጅ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩት፤ ሲደነግጥ አይቼዋለሁ፣ ትሕትና መሰለኝ።

ደግሞ ዝም ብሎ ሄደ እንዳይሉኝ፣ አጣርቻለሁ። ወረቀቱን መናኸሪያ ወስጄ አሳየሁ። አምፑል የምንለው የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን «ተርሚናልማ የባትሪው ጫፍ ነው፣ ሽቦው የሚታሰርበት፤ ዝገቱ ከተጠረገ ወዲያው ይነሳል» ብሎ አሳቀኝ። ትኬት ቆራጯ በበኩሏ ፊት ለፊቷ ያለውን ኮምፒዩተር እየጠቆመች «ይሄም እኮ ተርሚናል ነው የሚባለው» አለች። ሁሉም ደስ የሚል ነገር ነበር። ከመካከላቸው የሚያስለቅስ ትርጉም ያወጣ አንድም ሰው አልተገኘም።

ቤት ገብቼ «ተርሚናል ተባልን!» አልኳት። ሳምንት ሙሉ ቀና ያላለች ሴት ትራሱን ተደግፋ ተቀመጠች። «እሰይ! አልጣሉንም ማለት ነው፤ ሊያሻግሩን ነው» አለች። የምትለብሰውን ቀሚስ ራሷ መርጣ፣ አንዱ ቁልፍ ላልቶ ስለነበር አጥብቃ ሰፋችው። ከዚያም «ልጄን ጥራልኝ፣ ልያትና እንሂድ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሱኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ምን አጣደፈሽ? ድነሽ ስትመለሺ ታይዋታለሽ» አልኩ። አፌን በቆረጠው! ልጄ ጋ ደውዬም «እናትሽን ይዤ ነገ ከተርሚናል ልነሳ ነው፤ አንቺ ፈተናሽን እረሚ፣ አትምጪ» አልኳት። ከተወለደች ጀምሮ ከአባቷ አፍ ተለይቶ የማያውቅ ቃል ነው፤ ምን ብላ ትጠርጥር? «እሺ አባዬ፣ ስትደርሱ ደውልልኝ» ብላ ዘጋችው።

ሦስተኛ፤ ስለ ጉዞው። ከሹፌሩ ኋላ ያለውን የመጀመሪያ ወንበር ያዝኩላት፤ ለዚህ እንኳን ሥልጣን አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ተጓዝን። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር እጄን ጨበጥ ታደርገኛለች እንጂ ድምፅ አላወጣችም። ሐኪም ባዘዘልኝ መንገድ እየወሰድኳት ስለመሰለኝ «አይዞሽ፣ ደረስን» እላታለሁ። ያንን ሁሉ ጉድጓድ እሷን ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ ትእዛዙ ግን የናንተ ነውና ምስጋናውን ብቻዬን መውሰድ ነውር ይሆንብኛል።

ትልቁ ሆስፒታል ስንደርስ ካርድ ክፍል የተቀመጡ መነጽር ያደረጉ እናት ወረቀቱን አነበቡ። ደግመው አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁና ከመስኮታቸው ጀርባ ተነስተው ወጥተው፣ እኔ ያለሁበት አግዳሚ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። «አባቴ፣ እንዲህ የተባለ ሰው ቤቱ ነው የሚቀመጠው፣ ከልጆቹ ጋር። ጊዜው ትንሽ ነው ማለት ነው። ማንም አልነገራችሁም?» አሉኝ። በኋላ ደጋግሜ ስቆጥረው አሥራ ስድስት ቃል ነው። የናንተ ሆስፒታል በአሥራ አንድ ቀን ያላገኛቸውን አሥራ ስድስት ቃላት፣ ሐኪም ያልሆኑ አንዲት ካርድ አውጪ ከኪሳቸው የሚያወጡ ያህል በአማርኛ ሰጡኝ።

ለልጄ ደወልኩ። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ ባገኘችው መኪና ተነሳች። እኛም በማግስቱ ጠዋት ፊታችንን ወደ ቤት አዞርን። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም፤ ፊቴን ብቻ አየችው። ሰፊ ናት፣ ልክ በዐይኗ ትወስዳለች። «ልጄን ጠራሃት?» አለችኝ። መንገድ ላይ ናት አልኳት። «ጥሩ» አለች።

ከተማችን ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረን እጄን የያዘው እጇ ላላ። ለሹፌሩ አልነገርኩም። ደንቡን አውቀዋለሁ፣ እኔው ነኝ ለአዳዲስ ሹፌሮች የማስተምረው፤ መኪናው ቆሞ፣ ፖሊስ ተጠርቶ፣ ተሳፋሪው ወርዶ ሪፖርት ይጻፋል። መንገድ ዳር ልትጻፍብኝ አልፈለግሁም። ራሷን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ በነጠላዋ ፊቷን ከፀሐይ ከልዬ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። መናኸሪያ ስንገባ ልጄ ከነዚያ ስምንት ቀይ ፊደሎች ሥር ቆማለች። እኛን ስታይ እጇን አውለበለበች።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ ጠፋኝ። ይቅርታ ይደረግልኝ።

ከቀብር በኋላ ልጄ ወረቀቱን አነበበችው። ከታች ያለችውን ቃል አየች። ከቃሏ አጠገብ ደግሞ እኔ ያላስተዋልኳት ትንሽ ሳጥን አለች፤ «ለቤተሰብ ተነግሯል፣ ተረድተዋል» ትላለች አሉ፣ በእንግሊዝኛ። ውስጧ በሰማያዊ እስክሪብቶ ራይት ተደርጎባታል። ልጄ አስተማሪ ናት፤ ራይት የገባበትን ነገር ልክ ነው ብላ ነው የምትይዘው። ቀና ብላ «አባዬ፣ ይቺን ቃል ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም? እንዴት ነው አላነበብኳትም የምትለኝ?» አለችኝ። አነበብኳት እኮ! አንብቤያታለሁ! ችግሩ ማንበቤ ነው። ይህን ላስረዳት ብሞክር ጣቷን ራይቷ ላይ አኖረች። እያወቅሁ ደብቄ አትምጪ እንዳልኳት አምና ሄደች። ይኸው አምስት ወር ሆነ፣ ስልኬን አታነሳም።

ትታው በሄደችው የትምህርት ቤት መዝገበ ቃላት አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ፈልጌ አገኘኋት። አምስት ትርጉም አላት። የመኪናና የአውሮፕላኑን በአንድ አድርገውታል፤ ቀጥሎ የኤሌክትሪሺያኑ ባትሪ፣ ቀጥሎ የትኬት ቆራጯ ኮምፒዩተር። የኛዋ አራተኛ ላይ ናት። አምስተኛዋን ለማንበብ ዐይኔ እምቢ አለኝ። ይህ እንግሊዝኛ የሚባለው ቋንቋ ምንኛ ቆጣቢ ነው! ሰው ለጉዞ የሚነሳበትንና ሰው የማይነሳበትን በአንድ ቃል ይጨርሳል። እግረ መንገዴን ራይትንም አየኋት። ልክ ማለት ነው፣ ቀኝ ማለት ነው፣ መብትም ማለት ነው አሉ። ይህንንም የነገረን የለም።

ክቡርነትዎ፣ ቢሮዎ የተመላለስኩት ለጠብ አይደለም። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ «አንዴ ማኅተም ያረፈበት አይታረምም፤ ራይት ካለ ተነግሮዎታል ማለት ነው» ብሎ አስረዳኝ። ከራሴ ጆሮ ይልቅ የናንተ ወረቀት የሰማሁትን እንደሚያውቅ የተረዳሁት ያን ቀን ነው። ስለዚህ ያለችውን ራይት አትንኳት፣ በክብር ትቀመጥ። የምለምንዎት በሌላ ወረቀት፣ በአማርኛ፣ ሦስት ቃል ብቻ እንዲጻፍልኝ ነው፦ «ለዚህ ሰው አልነገርነውም።» ማኅተም ይረፍበት። በማንም ላይ ክስ አላቀርብበትም፤ ለልጄ ልልክላት ነው። እናቷን አጥታለች፤ አባቷ አለ፣ አልዋሸሽም የሚልላት ሰው ግን ያስፈልገዋል። እኔ ብላት አታምነኝም፤ ማኅተም ብታይ ታምን ይሆናል።

እስከዚያው ከዋናው በር መግባት ትቻለሁ። በጋራዡ በኩል ዞሬ ነው የምገባው።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ ስብሰባዎንም ካቋረጥኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወረቀት ሲሰጥ ተቀባይ፣ ሲነገር አመስጋኝ፣ ሲመለስ ተመላሽ የሆንኩ፣ እንዲሁም ራይት በተደረገልኝ መሠረት ሁሉን «የተረዳሁ» ታዛዥዎ፣

የመናኸሪያው ስምሪት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለልጄ፤ ባለችበት።

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ እግር ጥሎዎት ወደኛ መናኸሪያ ብቅ ካሉ፣ አንድ አውቶቡስ ከመነሳቱ በፊት በድምፅ ማጉያ፣ ተሳፋሪው በሚሰማው ቋንቋ፣ ሦስት ጊዜ ስጠራ ያገኙኛል። ሸኚ ካለ ደህና ሁኑ እንዲባባል አምስት ደቂቃ እንጠብቃለን። ይህን ሁሉ የምናደርገው ነገም ተመልሶ ለሚመጣ አውቶቡስ ነው።