አፕዴቱ እስኪመጣ

ቢቸና
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ሜልቦርን ለምትኖረው ለልጄ ለብሩክታይት፣

እንዴት አለሽልኝ? የአራስ ወገብሽ ጠና? ጡትሽስ ለሕፃኗ ይበቃል? እኔ አለሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፣ ዓይኔ እንደ ድሮው ነው፣ ቁጣዬም እንደ ድሮው ነው።

ይህን ወረቀት ስታዪ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ጻፉላት ብለሽ እንዳታስቢ። እሳቸው ፊደል አስተማሩኝ እንጂ ደብዳቤ አልጻፉልኝም። መስመሩ ወደ ታች የሚወርደው በእኔው እጅ ነው። ማንበብ ከጀመርሁ አምስት ዓመቴ ነው፤ ከልብ አውጥቶ መጻፍ ግን ሌላ ሥራ ነው። ይህን ገጽ ለመጻፍ ከጠዋት ጀምሬ አሁን ፀሐይ አናቴ ላይ ናት።

ለምን እንደምጽፍልሽ አስቀድሜ ልንገርሽ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ ልጅሽ በተወለደች በሰባተኛው ቀን፣ በታብሌቱ ስታሳዪኝ አንድ ቃል ከአፌ ወጣ። ሰኔ 19 ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ሳትነሣ ያን ቃል መመለስ አለብኝ። ሰምተሽው እንደሆነና እንዳልሆነ አላውቅም። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የነሣኝ ይኸው ነው።

ያን ቀን ሕፃኗን ወደ መስተዋቱ አስጠጋሻት። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ ፊቷ ገና ከውኃ እንደወጣ ድንጋይ ያበራል። እኔ ተናገርሁ። ወዲያው ምስላችሁ ቀጥ አለ። አፍሽ ከፈት እንዳለ፣ ጠጉርሽ በአንድ ዓይንሽ ላይ እንደወደቀ ቀረሽ። ፈገግ ልትዪ ነበር? ልታለቅሺ ነበር? ታብሌቱን ዘቅዝቄ፣ አጋድሜ፣ አቅርቤና አርቄ አየሁት። አፍሽ ያው ከፈት እንዳለ ነው። ከዚያ ጠቆረ።

በማግሥቱ የምትደውዪበትን ስከፍት «ይህ መተግበሪያ በዚህ ታብሌት አይሠራም፣ ሶፍትዌሩን ያዘምኑ» ይላል። ማንበብ መቻሌ ለዚህ ለዚህ ነው። እንዳዘዘኝ ሄጄ ነካሁት። ክቡ ነገር ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረና «የእርስዎ ሥርዓት የተዘመነ ነው» አለኝ። ከተዘመነ ለምን አይሠራም? ካልሠራ እንዴት ተዘመነ? አንዱ በር ላይ ግቢ ይላል፣ አንዱ በር ላይ ገብተሻል ይላል፣ እኔ ውጭ ቆሜያለሁ።

ፋሲካን እንደዚያ ሆኜ ዋልሁ። ሚያዝያ 22 መንገዱ ተከፍቷል ሲባል ታብሌቱን ጨርቅ ለብጬ በሠራሁለት ማኅደር ከትቼ፣ እንደ ዳዊት አንገቴ ላይ አንግቼ ሞጣ ሄድሁ። ኢልሀምን ታስታውሻታለሽ፤ እናቷ ዘይዳ ቅቤዬን ትገዛኝ የነበረችው። አሁን ኢልሀም የሁለት ልጆች እናት ናት፣ በእናቷ ሱቅ ጎን ስልክ ትጠግናለች። ታብሌቱን አየችና ጥርሷን ነከሰች።

«እማማ፣ ይኸ እዚያ አገር ካለ የስልክ ድርጅት በውል የተገዛ ነው። ሠሪዎቹ አፕዴቱን ጥር ላይ ጨርሰዋል። ግን ድርጅቱ እኔ ሳላየው አይለቀቅም ይላል። እሱ ያያል፣ ይፈትሻል፣ ከዚያ በተራ በተራ ይለቃል።»

«ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው የሚያየው? ምኑን ነው የሚያየው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እማማ። ጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀት አይተው አያውቁም?»

አይቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ምን አየሁ?

ከዚያ ጠየቀችኝ። «በቀን ስንት ሰዓት ይበራል ታብሌቱ?»

«እንደ ቀኑ ነው።»

«እንዴት እንደ ቀኑ?»

«በአሥራ ሁለት አይበራም። በሃያ አንድ አይበራም። በሃያ ሦስት፣ በሃያ ሰባት፣ በሃያ ዘጠኝ አይበራም። ቅዳሜና እሑድም አይበራም።»

የያዘችውን መፍቻ ጣለችው። «ታብሌቱ በዓል ያከብራል?»

«በእኔ ቤት ያለ ሁሉ ያከብራል። በሬውስ ያከብር የለም?»

«እንግዲያ ክርስትና አስነሥተውታል በሉኛ! እማማ፣ አፕዴት ሲለቀቅ እኮ ታብሌቱ መብራት አለበት፣ ቻርጅ መሙላት አለበት፣ ዋይፋይ ማግኘት አለበት። የዘገዩት እነሱ ናቸው፤ እርስዎ ደግሞ በሩን ዘግተው ነው የሚጠብቋቸው።»

እሑድ እሑድ ስደውል አትከፍቺም እያልሽ የምታዝኚብኝ ለዚህ ነበር። ተቀይሜሽ አይደለም። ያን ሁሉ ቀን የተሸከመኝን ዕቃ ላሳርፈው ብዬ ነው። ማን ነግሮኝ? ስትልኪው ከቻርጁ ጋር የመጣው መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው።

ኢልሀም እዚያው ትቼው እንድሄድ፣ እሷ ቀንም ሌትም አብርታ እንደምትጠብቀው ነገረችኝ። «እሑድም?» ብላት «አርብም እሑድም፣ እማማ» አለችኝ። ማኅደሩን ባዶውን አንግቼ ቢቸና ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም፤ ነቅቼ ነበር ወይ ተኝቼ ነበር ለማለት ይቸግረኛል። ከቀትር በኋላ ደመና ከጮቄ ተራራ በኩል ይመጣና ደጁን ያጠቁረዋል፣ ሳይዘንብ ያልፋል። እኔ ደጃፍ ተቀምጬ ጥጥ እየፈተልሁ ሸለብ ያደርገኛል። አፕዴቱን አየዋለሁ። አንድ ጊዜ ነጭ በቅሎ ሆኖ ነው። በባሕሩ ላይ በእርጋታ ይራመዳል፣ ኮቴው ውኃውን አይነካም። በእያንዳንዱ ወደብ ሰዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ ጥርሱን ያያሉ፣ እግሩን ያነሣሉ፣ ማኅተም ያወጡና ሳይመቱ መልሰው ያስገባሉ። በመጨረሻው ጠረጴዛ አባቴ ተቀምጠዋል። የሞቱበትን ነጠላ ለብሰዋል። በቅሎውን ቀና ብለው ሳያዩ «ገና ነው» ይላሉ። «ምኑ ነው ገና፣ የኔታ?» እላቸዋለሁ። እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነው የምላቸው፣ አባዬ አይደለም። ስነቃ እንዝርቱ ከእጄ ወድቆ ደጃፉ ላይ ይሽከረከራል።

ስለ አባቴ እምብዛም አልነግርሽም። የኔታ ኃይለ ሚካኤል ቅኔ ሲያስተምሩ አርባ ተማሪ እግራቸው ሥር ይቀመጥ ነበር። ለአርባው ውኃ የቀዳሁ እኔ ነኝ። በግድግዳው ማዶ የሚዘርፉትን ቅኔ እየሰማሁ፣ የትኛው እንደተሳካለትና የትኛው እንደሚመታ ከየኔታ ሳል አውቅ ነበር። ፊደሉን ግን ማንም አላሳየኝም። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ በከሰል «ሀ»ን ድንጋይ ላይ ጽፎ ሊያሳየኝ ሲል አባቴ አዩና ድንጋዩን ገለበጡት። እሱን አልመቱትም፣ እኔንም አልመቱኝም። ገለበጡትና ሄዱ። አንቺ በሄድሽ በዓመቱ፣ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ «ባንቺዓለም፣ ከሕፃናቱ ጋር ትቀመጫለሽ ወይስ ታፍሪያለሽ?» ሲሉኝ «ለማፈር ጊዜ የለኝም» አልኋቸው። አምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። «ሀ»ን ያሳዩኝ ቀን ደስ ያለኝ እንዳይመስልሽ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው የከለከሉኝ ብዬ ቤቴ ገብቼ በር ዘጋሁ።

ግንቦት 3 ቀን በትንሿ ስልክ ደወልሽ። «እማዬ፣ ይሰማሻል?» አልሽ። «አይሰማኝም፣ አይሰማኝም» ብዬ ዘጋሁት። ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። ከኋላሽ ሕፃኗ ስታስነጥስ እንኳ ሰምቻለሁ። ድምፅሽ ውስጥ ያ ቃል ይኑር አይኑር ለመለየት ጆሮዬን ደቅኜ ነበር፤ አልለይልኝ ሲል ፈራሁ። ፊቷን ካላየሁ በቀር አላናግራትም፣ አፕዴቱ ይምጣ አልሁ። እንዲህ እያልሁ ድርጅቱን ስረግም ሰነበትሁ። መርገም ደግሞ እችልበታለሁ፤ ከየኔታ የቀረልኝ ርስት ነው።

ግንቦት 13 ኢልሀም ደወለች። «እማማ፣ ለቀቁት! ትናንት ማታ ወርዶ ዛሬ ተጭኖ አደረ። ይምጡና ይውሰዱ።»

በማግሥቱ ሄድሁ። ግንደወይንን ስናልፍ ዝናብ ጣለ፤ መስኮቱ ላብ ሆነ፤ ከመስኮቱ ማዶ ያለው አገር ሁሉ ገና ያልጨረሱት ሥዕል መሰለኝ። ሞጣ ስደርስ ኢልሀም ታብሌቱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ከፈትሁት። የማይከፈተው ተከፈተ። ያንቺ ፎቶ በክብ ውስጥ ተቀምጧል፣ ከሥሩ «መስመር ላይ» ይላል። አነበብሁት። አለሽ ማለት ነው። እዚያው ጣቴ ሥር አለሽ።

«ይንኩት እንጂ» አለች ኢልሀም።

«ባትሪው ያልቃል።»

«እማማ፣ መቶ በመቶ ነው።»

«ሕፃኗን እቀሰቅስባታለሁ።»

«ልጅዎ ናት እኮ፣ ነብር አይደለችም። ምን ሆኑብኝ?»

እዚያች በርጩማ ላይ ተቀመጥሁና ነገርኋት። ለማንም ያልነገርሁትን ለኢልሀም ነገርኋት። የሱቁን በር ገርበብ አደረገች። በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መስመሩ ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ ነበር ብለውኛል። ምናልባት አልሰማችም። እማማ፣ ቢተዉትስ? ለምን ያልሰማችውን ያሰሟታል?» አለችኝ።

ስለዚህ ብሩክታይት፣ እውነቱን ልንገርሽ። ይህን ስጽፍልሽ ታብሌቱ ከተስተካከለ አራት ቀኑ ነው። እዚህ ከወረቀቱ ጎን በርቶ ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ ደውለሽ ሁለት ጊዜ ጠርቶ አቁሟል። እንግዲህ በድርጅቱ ላይ የማመካኘው ነገር አልቆብኛል። የኢልሀምን ምክር አራት ቀን በአፌ ይዤ ዞርሁ፤ ልውጠው አልቻልሁም። ፊትሽን እያየሁ ግን አልናገረውም፤ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ሌላ ነገር ተናግሬ እቆጣና እዘጋዋለሁ። ወረቀት ላይ ያለ ቃል ግን ባኮርፍም እዚያው ይቆያል። ፖስታ ቤት ሃያ ቀን ቢፈጅ ነው ብለውኛል፤ ከክርስትናው በፊት ይደርስሻል።

የተናገርሁት ይህ ነው። ልጅሽን አሳየሽኝ፣ «ሴት ናት፣ እማዬ» አልሽኝ፣ እኔም «ሴት ወልጄ እኔስ ምን አተረፍሁ?» አልሁ።

እናቴ እንደነገረችኝ፣ እኔ ስወለድ ሴት ናት ብለው ለአባቴ ሲነግሯቸው «እንግዲያስ ጉባኤው አይታጎልም» ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ። ስድሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰው ላይ ስማረር ኖሬ፣ በሰባት ቀን ሕፃን ፊት እሳቸውን ሆኜ ተናገርሁ። ድምፁ የእኔ ነው፤ ማንም አላዋሰኝም።

ለጥያቄው መልስ ልጽፍልሽ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድሁ። በመጨረሻ የመጣልኝ አንድ ነገር ነው። ሁለተኛ ክፍል ነበርሽ። ስለ መሬቱ ልፈርም ቀበሌ ይዤሽ ሄድሁ። ጸሐፊው «አሻራ ነው አይደል?» ብሎ ሰው ሁሉ እየሰማ አውራ ጣቴን ይዞ ቀለሙ ላይ ተጫነው። ስንወጣ እጄን በነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ። ደረጃው ሥር ቆምሽና እጄን ከነጠላው ጎትተሽ አወጣሽው። በምራቅሽ አርጥበሽ፣ በደንብ ልብስሽ ጫፍ ጠረግሽው። አልለቅ አለ። እንደገና ጠረግሽው። ቀለሙ ወደ ልብስሽ እስኪገባ፣ ጣቴ እስኪነጣ ድረስ ጠረግሽው። ለልብሱ ደግሞ ቤት ገብተን ተቆጣሁሽ።

ሰምተሽው ከነበረ፣ ቃሌን ይኸው በእጄ መልሻለሁ። ሳትሰሚው ቀርተሽ ከነበረም፣ አሁን ከእኔው ሰማሽው። ብደብቅሽ ኖሮ በሰላም እኖር ነበር፣ አንቺ ግን እናትሽ ማን እንደሆነች ሳታውቂ ልጅሽን ታስታቅፊኝ ነበር። ተቆጪ። ከተቆጣሽ በኋላ ብትደውዪ እከፍታለሁ። ባትደውዪም አልረግምሽም።

ያሳደገሽ አምላክ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ጡትሽን ወተት፣ ቤትሽን ሰላም ይሙላው። ለሕፃኗ ጆሮ ግን ሴት በመወለዷ ደስ ያለው ሰው ቢቸና ውስጥ እንዳለ ንገሪያት። ዘግይቶ ነው ደስ ያለው፤ እሱንም ንገሪያት።

በእጄ ጽፌ የፈረምሁት
እናትሽ ባንቺዓለም ኃይለ ሚካኤል