ማንዳዚ ልጠቀልልበት ስል ስላገኘሁት የልጄ ፈተና

ለክቡር ፕሮፌሰር ንዳሉ ሙቶኞ
የናሚሌ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር
ናሚሌ፣ ምዕራብ ኬንያ

እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ከበረው ጤንነትዎ እጠይቃለሁ። ወገብዎ ከዚያ ሰፊ ወንበር ጋር እንደተስማማ፣ እጅዎ ለፊርማ እንደበረታ፣ በተለይም ዓይንዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ዓይንዎን ለይቼ የጠየቅኩበትን ምክንያት ወደ ታች እገልጽልዎታለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ስለሚባል ግን ካለፈው ታኅሣሥ ጀምሮ ጸሎት ማቆሜን አልደብቅዎትም።

ምናልባት ካላወቁኝ፣ በሁለተኛው በር አጠገብ ማንዳዚ የሚባለውን ጣፋጭ የዘይት ዳቦ የምጠብሰው ሴት ነኝ፤ ተማሪዎችዎ ማማ ነኮዬ ይሉኛል። ነኮዬ ልጄ ናት። የባዮሎጂ አስተማሪ ለመሆን አራት ዓመት በእርስዎ ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። ባለፈው ታኅሣሥ፣ በምርቃቱ ቀን፣ የሁለት መንደር ዘመድ አውቶቡስ ተከራይቶ መጣ፤ አጎቷ ከበሮውን ይዞ፣ አክስቷ ሦስት ዶሮ አስራ። የተመራቂዎች ስም የታተመበትን መጽሐፍ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጥነው፤ ነኮዬ ዋብዊሌ የምትባል ተመራቂ የለችም። ልጄ ጋዋኗን እንደለበሰች ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ የሰው ሁሉ ስም ሲጠራ እስከ መጨረሻው ሰማች። ዶሮዎቹ እንደታሰሩ መጥተው እንደታሰሩ ተመለሱ፤ ከእኛ ወገን ደስ ብሎት የተመለሰ ቢኖር እነሱ ናቸው።

ተቋምዎ ሥርዓት ወዳድ ስለሆነ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የጎደለው የአንድ ትምህርት ውጤት መሆኑ ተነገረን፤ የሦስተኛ ዓመት የዕፅዋት ሥነ ሕይወት። ይህን ውጤት ፍለጋ ነኮዬ ቢሮዎን አርባ አንድ ጊዜ ረግጣለች። ጸሐፊዎ፣ «ሲስተሙ ላይ የለሽም፤ ሲስተሙ ላይ ከሌለሽ አልተፈተንሽም ማለት ነው» አለቻት። መምህሩ በበኩሉ፣ «እኔ ለሬጅስትራር አስረክቤያለሁ፣ ሂጂና እዚያ ጠይቂ» ብሎ መለሳት። በአርባ አንደኛው ቀን እርስዎ ራስዎ ብቅ ብለው እንደ አባት ስለመከሯት ከልብ አመሰግናለሁ፤ «ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ አይሳሳትም። ትምህርቱን ድጋሚ ውሰጂው» ነበር ያሏት። መምህሩ በዚያው ሰሞን አገር ጥሎ ስለሄደ ትምህርቱን የሚሰጥ ሰው የለም፤ በትምህርት ዝርዝራችሁ ላይ ግን እስከ ዛሬ ይሰጣል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እንዲህ ነው።

፪. ነኮዬ አራተኛ ዓመት ሳለች የትምህርት ጥራት መርማሪዎች ይመጣሉ ተብሎ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፖች በጋሪ ሲገቡ በሱቄ ፊት ነው ያለፉት። በማግስቱም ሲመለሱ አይቻለሁ። መርማሪዎቹ በቂ ነው ብለው ጽፈው ሄዱ። ልጄ በአራት ዓመት ትምህርቷ ማይክሮስኮፕ ያየችው ያን ቀን፣ በጋሪ ላይ ነው። ስላዘጋጁላት የትምህርት ጉብኝት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፫. በሐምሌ ወር የንብረት ክፍልዎ አሮጌ ወረቀት በጆንያ ሲሸጥ እኔም ለመጠቅለያ ገዛሁ። በመጀመሪያው ጆንያ የነበረው፣ እርስዎ ፕሮፌሰር ሲሆኑ ያደረጉት ንግግር የታተመበት መጽሐፍ ነው፤ ከነማሸጊያው፣ ማንም ሳይከፍተው። ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ ዘይት አይመጥም፤ ለማንዳዚ አልሆነም።

ከሁለተኛው ጆንያ በሲባጎ የታሰረ የመልስ ወረቀት ጥቅል ወጣ። ሲባጎውን ቆርጬ ከላይ ያለውን ገልጬ ትኩስ ማንዳዚ ላስቀምጥበት ስል እጄ ቆመ። ስሟን ከማንበቤ በፊት ጽሕፈቷን አወቅኩት፤ የሱቄን የዋጋ ሰሌዳ የምትጽፈው እሷ ናት። አሥራ አንድ ገጽ፣ በፊትና በጀርባ፣ የቅጠል ሥዕል ከነስያሜው። ቀይ እስክሪብቶ አልነካውም። አልተፈተነችም ያላችኋት ልጄ ይህን ሁሉ ጽፋለች። ደሜ ፈላ፣ ክቡር ፕሮፌሰር፤ ዘይቱ እስኪያር ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ዝም ባልኩ ነበር። በጥቅሉ ውስጥ የሌሎች ስድሳ ሁለት ተማሪዎች ወረቀት አለ፤ እነሱንም ማንም አላረማቸውም። ነኮዬ ቢሮዎን ስትመላለስ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በስልኳ ያነሳችውን የዚያን ትምህርት የውጤት ዝርዝር አወጣንና አስተያየን። ስድሳ ሁለቱም ውጤት አላቸው። የነኮዬ ስም የሁለተኛው ገጽ የመጀመሪያ መስመር ላይ ነው፤ መምህሩ ጥቅሉን ሳይፈታ ቁጥር ከላይ ወደ ታች ሲደረድር፣ ገጹን የገለበጠ ጊዜ አንድ መስመር ዘለለ። የልጄ ጥፋት ይኸው ነው። ስለ ዓይንዎ የጠየቅኩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ስድሳ ሦስት ስም፣ ስድሳ ሁለት ውጤት፣ ከግርጌው ደግሞ የእርስዎ ፊርማ።

ከስሙና «ጌታ ሆይ እርዳኝ» ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም ያልጻፈ አንድ ተማሪም ሰባ አንድ አግኝቷል፤ ጸሎቱ ሰምሮለታል። የአባቱ ስም ሙቶኞ ነው። በአገራችን ሙቶኞ የሚባል ሰው ብዙ ስለሆነ የእርስዎ ልጅ ነው ብዬ አልደፍርም፤ ማንዳዚ ሊገዛኝ የሚመጣው ግን የእርስዎን መኪና እየነዳ ነው።

ወሬው ሲደርስዎ ሰው ስለላኩልኝም አመሰግናለሁ። ትሑት ሰው ነው፤ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ማማ፣ ነገሩን አታካብጂው። እኛ ሰባ እንሰጣታለን፣ አንቺ ጥቅሉን መልሺልን» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ እጄ ወደ ጥቅሉ ሄዶ ነበር። የመምህራን ቅጥር ምዝገባ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ያለ ዲግሪ ደግሞ ማንም አይመዘግባትም። ነኮዬ ግን መጥበሻውን ከምታጥብበት ቀና ሳትል፣ «እማዬ፣ የጻፍኩትን ሳያነቡ ምንም እንዳይሰጡኝ። ሰባም ቢሆን» አለች። መልእክተኛዎ ማንዳዚውን ሳይጨርስ ሄደ።

ስለዚህ ወረቀቶቹን ለባለቤቶቻቸው ማደል ጀመርኩ። አሥራ ስምንቱ አንቀበልም አሉ፤ አንዷማ፣ «ማማ፣ እንጀራዬን ልትዘጊብኝ ነው?» ብላ አለቀሰችብኝ። አልፈርድባትም፤ ያስፈራቻት እኔ ሳልሆን እርስዎ ነዎት። አርባ ሦስቱ ተቀበሉ። ኦሶሬ የሚባለው፣ አሁን ትምህርት ቤት የሚያስተምረው፣ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበና፣ «ሰማንያ ሁለት ሰጥተውኛል እኮ። ግማሹ ስህተት ነው፤ እኔም ይህንኑ ስህተት ነው ለልጆቹ የማስተምረው» አለ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ አቤቱታ ጽፎ የፈረመው እሱ ነው። አርባ ሦስቱም ውጤታቸው ከየት እንደመጣ እንዲጠየቅላቸው ለትምህርት ጥራት መርማሪዎቹ እያንዳንዳቸው ጽፈዋል። የወጣቱን ሙቶኞ ጸሎት ግን ዋናውን አያይዤ የላክኩት እኔ ነኝ፤ እየሳቅኩ ነው የላክኩት።

የነኮዬን ወረቀት ኪሱሙ ከተማ ለሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ የዕፅዋት ፕሮፌሰር ላክነው። ስድሳ አራት ሰጧት። በስድስተኛው ገጽ ዳር በቀይ፣ «ውሃ ወደ ላይ የሚያወጣውን ቱቦና ምግብ ወደ ታች የሚያወርደውን አቀያይረሻል። ሥዕልሽ ግን ትክክል ነው፤ ራስሽ ተመልከቺው» ብለው ጽፈዋል። ልጄ ይህችን መስመር ደጋግማ አነበበችና አለቀሰች። አዝና መስሎኝ ላጽናናት ስል፣ «እማዬ፣ አራት ዓመት ስማር ተሳስተሻል ያለኝ ሰው እኚህ የመጀመሪያው ናቸው» አለችኝ።

እንግዲህ የምንጠይቀው ስድሳ አራት ነው። ሰባዎን ለሚፈልገው ይስጡት። ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ስድሳ አራቷን በልጄ ስም ላይ እንዲያሰፍሩና፣ ሲያሰፍሩም መስመር እንዳይዘሉ፣ ከጉልበትዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ፤ መቼም መውደቅን በእናንተ ዘንድ የሚያይ ሰው የለም።

ከማይቀንስ አክብሮትና ከማይበርድ ቂም ጋር፣ የተቋምዎ የወረቀት ደንበኛ፣

ሴላ ዋብዊሌ
የነኮዬ እናት

ማስታወሻ፦ መርማሪዎቹ በመጪው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቢሮዎ እንደሚገኙ በጽሑፍ አሳውቀውናል። ጥያቄዎቹ አርባ ሦስት ናቸው፤ መልስ የሚሰጠውም በጽሑፍ ነው። ጽሕፈትዎ ግልጽ ይሁን፤ ባዶ ገጽም አይተዉ። እነዚህ ያነባሉ።