ለእታለም ዓይን የሚሆን ቀለም

ሰኞ፣ ጥር 19

የማድ ቤቱ የጠዋት ቆጠራ፦ አራት ግድግዳ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ በር፣ ሁለት የሲሚንቶ መደርደሪያ። ጥላሸት ያልነካው ቦታ የለም።

ታላቅ እህቴን እታለምን ከሰፈራ አምባው ካመጣኋት አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው ብሏል። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ይጠብቃል። ከእንግዲህ ብቻዋን እንድትኖር አልፈልግም። እሷ ግን ዕቃዋን ከማዳበሪያው እንኳ አላወጣችም።

ትናንት ሻይ ልትቀዳ ብላ ከብርጭቆው ጎን አፈሰሰችው። እጇን ለጥቂት ሳተ። ጀበናም ብረት ድስትም ከእጇ መቀበል ጀመርኩ። ተቆጣች። "ዘይኔ፣ ተቀምጬ የምጎረስበት ቤት አልኖርም። ወይ ማድ ቤቱን ስጪኝ፣ ወይ ወደ ቤቴ መልሺኝ" አለች። እስከ ቅዳሜ ታገሺኝ አልኳት።

ማድ ቤቱ ጨለማ ነው። ጨለማ ከሆነ ነጭ ይቀባል። ልጄ ፎዚያ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የማድ ቤት ፎቶ ስትልክ ዋለች። ሁሉም ግራጫ። ዝናብ ሊጥል ያለ ሰማይ ይመስላል። ነጭ ብዬ ወሰንኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ቀቢው ኸሚስ ማለዳ መጣ። የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔን "ኡኽቲ" ይለኛል፣ እህቴ ማለቱ ነው። ጥላሸቱን በሳሙና አጥቦ፣ ስንጥቁን ደፍኖ፣ ግድግዳውንም መደርደሪያውንም ነጭ የዘይት ቀለም ቀባው። የሚያብረቀርቀውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ በጨርቅ ይጸዳል። ሲመሽ ቤቱ ሌላ ሆነ። ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 21

አልሆነም።

እታለም በሩ ላይ ቆመች። ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ከግድግዳ ግድግዳ ይዘላል። "ምነው ዘይኔ፣ ጭጋግ ውስጥ አስገባሽኝ?" አለች። ነጩን ኩባያ ነጩ መደርደሪያ ላይ በእጇ ፈለገችው። አገኘችው፤ ግን በእጇ ጀርባ። ወድቆ ተሰበረ። ወጥታ ማዳበሪያዋ አጠገብ ተቀመጠች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኸሚስ ብሩሹን እያጠበ፣ "ኡኽቲ፣ አንተ ነጭ አልክ፣ እኔ ነጭ ቀባሁ። ኻላስ፣ አለቀ" አለ።

"አሁን ምን ይሻላል?"

"እኔ እጅ ብቻ ነው። ዓይን እሱ ጋ ነው። እሱን ጠይቅ።"

እታለምን ማለቱ ነው። ልክ ነው። አዲስ አበባ ያለችውን ልጄን ሰምቻለሁ፣ የቀለም ባለ ሱቁን አማክሬያለሁ፤ የዓይኑን ባለቤት አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም። ሄጄ ጠየቅኳት። "በሰው ቤት ቀለም አልመርጥም" አለችኝ።

በሰው ቤት! በሰፈራ ከወሎ ስንመጣ፣ በዚያ ሁሉ የመኪና መንገድ፣ ከጀርባዋ አላወረደችኝም። አምስት ዓመቴ ነበር። የሷ ቤት ካልሆነ የማን ነው? ይህን ግን አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ብቻዋን እንዳትቀር ሰሊጥና ኑግ ወደምገዛበት መጋዘኔ ይዣት ሄድኩ። አንድ የቆየ ደንበኛዬ ሰሊጥ አመጣ። እንደ ልማዴ ጭብጥ ዘግኜ ጥቁሩ ላስቲክ ላይ በተንኩት። እታለም ጎንበስ አለች።

"ይሄ ቀይ ተቀላቅሎበታል" አለች። ቀዮቹን እየነጠለች ወደ ጎን አደረገች። አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት።

ደንበኛዬ ሳቀ። "ዘይነባ፣ ዓይኗን አመማት ያልሽኝ እቺን ነው? እንግዲያ የታመመው የኔ ነዋ!"

ቀዩ የተነጠለለትን ሰሊጥ ነጭ ትሪ ላይ ገለበጥኩት። ጎንበስ ብላ ፈለገች። አንዱንም አላየችውም።

ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሊጥን በጥቁር፣ ኑግን በነጭ ላይ እያየሁ ስገዛ ኖሬ፣ ቤቴ ስገባ ዕውቀቴን በር ላይ ጥዬው ነው የምገባው ማለት ነው።

መጋዘኑን ዘግተን አንድ ነጭ ኩባያና አንድ የጠቆረ ድስት በፌስታል ይዘን ቀለም ቤት ሄድን። ባለ ሱቁ በካርቶን ቁራጭ ላይ ቀለም ይቀባል፣ እኔ ዕቃውን ፊቱ አስቀምጣለሁ፣ እታለም ይታያል ወይም አይታይም ትላለች። ክሬም አይሆንም። ግራጫ ጭራሽ። ኩባያ ለሚቀመጥበት ጥቁር ሰማያዊ፣ ድስት ለሚቀመጥበት ቢጫ አለች። ሁለቱም የማያብረቀርቅ። ለመደርደሪያው ጠርዝ ቀይ መስመር ጨመረች።

"ማድ ቤት ነው ወይስ ባጃጅ?" አለ ባለ ሱቁ።

"ባጃጅም ቢሆን የምነዳው እኔ ነኝ" አለችው።

ከመጣች ወዲህ ስትቀልድ መጀመሪያዋ ነው።

አርብ፣ ጥር 23

ኸሚስ እስከ ጁምዓ ሰማያዊውን ጨረሰ፤ ሰግዶ ተመልሶ ቢጫውን። ማንም ሳያዝዘው የበሩን ጠርዝም በቀይ አሰመረው። ለምን አልኩት። "በር እዚህ፣ ግንባር እዚያ። አይገናኝም" አለ። እንዲህ ያለ ሠራተኛ በልመናም አይገኝም።

እውነቱን ልጻፍ፦ አስቀያሚ ነው። ቢጫው ይጮኻል። ፎቶውን ለፎዚያ ላክሁ። መጀመሪያ በሳቅ ፈነዳች፤ ቆይታ፣ "ለአክስቴ ከሆነ ግን አምሯል" አለች።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ገበያ ደህና ነበር። እኩለ ቀን ላይ ስመለስ የባሚያ ወጥ ሸተተኝ። እታለም ብቻዋን ቆማ ትሠራለች። ኩባያውን ሳትዳብስ፣ ቀጥታ እጇን ሰዳ አነሳችው። ላግዛት ብዬ ገባሁ።

"ውጪልኝ! ብርሃኔን ጋረድሽብኝ" አለችኝ።

ወጣሁ። ከራሴ ማድ ቤት ተባርሬ እንዲህ ደስ ሲለኝ ጉድ ነው። ሻዩን እስከ አፉ ሞልታ አመጣችልኝ፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ወጡ ጨው በዝቶበታል። እኔ ግን ወጡን ሁለቴ አስጨመርኩ።

አልሐምዱሊላህ። ለኸሚስ ምላስ፣ ለደንበኛዬ የተቀላቀለ ሰሊጥ፣ ለቀረው ዓይኗ። ሐኪሙ ያለውን አልረሳሁም። ይሄም እየጠበበ ሊሄድ ይችላል። ያኔ የሚሆነውን ያኔ እናያለን።

ከምሳ በኋላ እጇን እየጠረገች፣ "ዶሮዎቼን የአምባው ጎረቤቴ እስከ መቼ ይጠብቅልኝ?" አለች። እንደ ዋዛ ነው ያለችው። እኔም እንደ ዋዛ፣ "ነገ አመጣቸዋለሁ" አልኳት።

ነገ፦ በጠዋቱ ሚኒባስ ወደ አምባው። አምስት ዶሮ፣ አንድ አውራ። ከመሄዴ በፊት የቀርከሃ ቅርጫት መዋስ።