ባለ አምስት አውታሩ ባንጆና የአቶ ዘርአይ ገብረዋሕድ ትዳር

አቶ ዘርአይ ገብረዋሕድ ከአባታቸው ከአቶ ገብረዋሕድ ሐዱሽና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኣብርሀት አረጋዊ በትግራይ ክፍለ ሀገር፣ በዓብይ ዓዲ ከተማ በ1926 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ዳዊት ደገሙ። መሪጌታቸው ድቁና ሲያስቡላቸው የእርሳቸው ልብ ወደ ክራር ስላደላ፣ ትምህርቱ በዚያው ተገታ።

በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው አናጺነት ከተማሩ በኋላ፣ ቦሌ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ከፈቱ። ለሙሽሮች አልጋ ሲሠሩ ዓመታት አለፉ፤ የራሳቸው አልጋ ግን የአንድ ሰው ነበረ። ሰው ፊት ይቀልዱበት እንጂ ላጤነቱ ያስፈራቸው ነበር። ብቻቸውን እንዳይሞቱ መስጋታቸውን ለወዳጃቸው ለአቶ ኃይለኪሮስ ደጋግመው ነግረዋቸዋል።

በ1969 ዓ.ም. ከጎረቤታቸው ከአቶ ኦላና ልጅ ከሃረገወይን ጋር ተዋደዱ። አቶ ኦላና በሾፌርነት ያገለገሏቸው የውጭ አገር መምህር በለውጡ ማግስት አገር ለቀው ሲሄዱ የተዉላቸው ባንጆ የሚባል ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያ ነበራቸው፤ ከልጃቸው ቀጥሎ የሚሳሱለት እርሱ ነው። አውታሮቹን የሚወጥሩት መቃኛዎች አርጅተው ይንሸራተቱ ስለነበር፣ አቶ ዘርአይ የወደፊት አማታቸውን ለማስደሰት በአዲስ ሊተኩ ወሰዱት።

አራቱ መቃኛዎች ባንጆው አናት ላይ ነበሩ፤ አምስተኛው ግን ብቻውን አንገቱ መሃል በጎን ተተክሏል። የክራር መቃኛ ሁሉ ባንድ እንጨት ላይ ስለሚደረደር፣ በክራር ላደጉት አቶ ዘርአይ ይህ የግዴለሽ ጠጋኝ ስህተት መሰላቸው። ቀዳዳውን ደፍነው፣ አለስልሰው፣ ከወይራ የጠረቧቸውን አምስት መቃኛዎች አናቱ ላይ ደረደሯቸው። ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ባንጆውን ለአቶ ኃይለኪሮስ አስይዘው ሽማግሌ ላኩ።

አቶ ኦላና ተደስተው መቃኘት ጀመሩ። አጭር መሆን የነበረበት አምስተኛው አውታር ያለ ልኩ ረዝሞ ስለተወጠረ ሽማግሌዎቹ ፊት ተበጠሰ። የባንጆውን አንገት ቢዳብሱ መቃኛው የለም። አቶ ዘርአይ ተጠርተው መጡና፣ «ጋሼ፣ ተሳስቶ የተተከለ መስሎኝ ደፈንኩት» አሉ። ሽማግሌዎቹ የሙሽራውን የእጅ ሙያ ሊያወድሱ የመጡ ናቸውና መሬት መሬት አዩ።

አቶ ኦላና ባንጆውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና፣ «ባንጆዬ ከእንግዲህ ከዚህ ቤት አይወጣም። እየተመላለስህ እዚሁ ታድነዋለህ። የልጄን ነገር ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን» አሉ።

ሥራው የግማሽ ቀን ነበረ። አቶ ዘርአይ ግን ዛሬ ሙጫው አልደረቀም፣ ነገ እንጨቱ እርጥብ ነው እያሉ ሁዳዴውን ሙሉ ፈጁበት። ሃረገወይንም መብራት እያበራችና ሙጫ እያቀበለች አገዘቻቸው። አባት ነገሩ ባይጠፋቸውም አይተው እንዳላዩ አለፉ። ግንቦት ላይ ሠርጉ ተደገሰ፤ አማች በክራር፣ አማት በባንጆ ሰፈሩን ሲያስጨፍሩ ውለው ሰዓት እላፊው ሳይደርስ እንግዳ ተሸኘ። ከዚህም ጋብቻ አለምንና ገብረትንሣኤን አፈሩ።

አቶ ዘርአይ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 1982 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያች ማለዳ ክፍላቸው በሰው ተጨናንቆ ነበር። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «ግማሾቻችሁ ውጡ እንጂ፣ አየር አሳጣችሁኝ» አሉ። የወጣ ግን አልነበረም።

ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና አማታቸው አቶ ኦላና በሕይወት አሉ፤ ኀዘኑም ከብዶናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ እዚያም ብቻቸውን አይተዋቸው። አሜን።