ከፀዳ የምትመጣው ማኪና

ሰኞ፣ ጥር ፲፬፤ ጧት

ዛሬም ዘገዩ። ኑጉ ተቆልቷል፣ መጭመቂያው ሞቋል፣ ሰው የለም። በር ላይ ቆሜ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ሁዳዴ ሊገባ ነው። ጎንደር ሁሉ ቅቤውን ትቶ ዘይት ዘይት ሊል ነው። የእኔዎቹ ሠራተኞች ገና ከፀዳ በእግራቸው እየተንፏቀቁ። ሲደርሱ ላባቸው ጠብ ይላል፤ ሥራ ሳይነኩ ደክሟቸዋል። ካቦው አስረስ መንገዱ ሩቅ ነው እሜቴ ይለኛል። እኔ ነኝ ያራቅሁት?

የባሰው ሌላ ነው። አዘዞ ላይ፣ ጥልያን ጥሎት በሄደው ካምፕ፣ አንድ ሰውዬ አዲስ የዘይት መጭመቂያ ተክሏል። ለፀዳ ሰው ቅርብ ነው። ዝም ካልሁ ሠራተኞቼን ጠቅልሎ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ ደብተሬ፣ ቆርጫለሁ። ባሌ ጥሏት የሞተውን ማኪና አስጠግኜ ጧት ከፀዳ አስመጣቸዋለሁ፣ ማታ እመልሳቸዋለሁ። በነጻ። አትሳቅብኝ። ለጽድቅ አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥር ፲፮

ማኪናዋ ተነሣች! ታስላለች፣ ትጨሳለች፣ ግን ትሄዳለች። ሹፌሩ ግርማ ጋቢናዋ ውስጥ ደረቱን ነፍቶ፣ ሙሽራ የያዘ ይመስላል። ሠራተኞቹ እልል አሉ። መረቁኝ። ዕድሜ ሰጡኝ፣ ጤና ሰጡኝ፣ የሌለኝን ልጅ ሳይቀር ባረኩልኝ።

አያ ተገኘ ጉልበቴን ሊስም ጎነበሰ። ከባሌ ጊዜ ጀምሮ እዚህ ነው። በርሜል እግሩ ላይ ከወደቀበት ወዲህ ያነክሳል፤ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቶም ከሁሉ ኋላ ነው የሚደርስ። እግሬ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ ማኪናዋ ባትመጣ እንጀራዬ ተቆርጦ ነበር አለና አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አልወድም፤ አፍንጫው ይፈሳል። እኔም ለሁዳዴ ላሰናብተው አስቤ ነበር። አልነገርሁትም።

ሕጉን ነገርኋቸው። ጥሩምባ ሲነፋ መንገድ ዳር ያልቆመ ይቀራል። ከማኪናዋ ጋር ያልመጣ ደጄን አይረግጥም። ከእንግዲህ መንገድ ስለማያደክማቸው ሥራም በጊዜ ይጀመራል። ፊታቸው ጠቆረ። ምነው፣ ማኪና ለሽርሽር መስሏቸው ኖሯል?

ሐሙስ፣ ጥር ፲፯፤ ከሰዓት

ጉድ ፈላ! ማኪናዋ ከእግረኛ እኩል ደረሰች። ግርማን ጠርቼ አፋጠጥሁት። በእናቱ አጥንት ይምላል፣ የኔ ጥፋት አይደለም ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤ/ክ ባዩ ቁጥር የጋቢናውን ጣራ ይደበድባሉ። አዘዞ ተክለ ሃይማኖት፣ ጓ ጓ ጓ። ይወርዳሉ፣ ይሳለማሉ፣ እንደገና ይንጠላጠላሉ። ማኪናዋ ገና ሳትሞቅ ሎዛ ማርያም፣ ጓ ጓ ጓ። ጉብታ ላይ በሩቅ ብቅ የምትል የገጠር ቤ/ክ እንኳ አትታለፍም። ወይ ጎንደር! ሌላ አገር ቢሆን ለሠራተኛ ማኪና ማቅረብ ያዋጣ ይሆናል። እዚህ በየጉብታው ታቦት አለ።

ጀማሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ ተገኘ። በበቅሎ የሚያልፍ ሰው ለታቦት ይወርዳል፣ ብረት ላይ ተቀምጫለሁ ብዬ ልኮራ ነወይ አለ አሉ። ወርዶ ለመውጣትም ሰው ተጋግዞ ነው የሚያነሣው። በእኔ ቤንዚን!

ከነገ ጀምሮ መቆም የለም ብያለሁ። ተቀምጠው ያማትቡ።

ቅዳሜ፣ ጥር ፲፱፤ ማታ

ጧት ቁስቋም ወጥቼ የነፍስ አባቴን ጠየቅሁ። በማኪና ቤ/ክ ማለፍ ኃጢአት ነው ወይ? መጀመሪያ እግዚአብሔር ልብ ያያል አሉ። እሰይ ስል፣ እግር ካለ ግን መውረዱ ሸጋ ነው አሉ። የትኛውን ልያዝ ብላቸው ለመቅደሱ መብራት ዘይት እንዳለቀ አስታወሱኝ። ዘይቱን ወሰዱ፣ መልሱን ሳይሰጡኝ ቀሩ።

ግርማ ዛሬም አልቆመም። ጣራው ቢደበደብም ነዳው። ሎዛ ማርያም አጠገብ ዳገቱ ላይ ማኪናዋ ስታቃስት አያ ተገኘ ዘለለ። በዚያ እግሩ! ተንከባለለ፣ ተነሣ፣ መሬት ሳመ። ጥለውት መጡ። እሱ ቀኑ ሲጋመስ አቧራ ለብሶ፣ ግንባሩ ተልጦ ደረሰ። አላስገባሁትም። ሕግ ሕግ ነው። እስኪመሽ በር ላይ ተቀምጦ ዋለ። እኔ በመስኮት አየው ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለማን እደብቃለሁ፣ አንተ እንደሆንህ አፍ የለህም።

ማክሰኞ፣ ጥር ፳፪፤ ቀትር

ማኪናዋ ባዶዋን መጣች። ግርማ ብቻውን፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ትናንት የአስተርእዮ ለት ጠላ ላይ መክረው ኖሯል። ሁሉም ከሽማግሌው ጋር በእግር፣ በእሱ እርምጃ! ካቦዬ አስረስ ሳይቀር። ቆሽቴ አረረ። በሩን ዘጋሁት። ነጋዴው ባዶ ጣሳውን ይዞ ደጄን ሞልቶታል፣ መጭመቂያው ቀዝቅዟል።

አስረስ ተለሳልሶ ገባ። የአዘዞው ሰውዬ ልኮባቸዋል። ጉልበት ያለውን ሁሉ እወስዳለሁ ብሏል። ሽማግሌስ አልሁት። ሽማግሌ አይፈልግም አለኝ። ይህችን ያዝኋት።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ግቢ ውስጥ ሰበሰብኋቸው። ማኪናዋ ትቆማለች አልሁ። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ እስክትጠግቡ ተሳለሙ። መውረጃ በርጩማም አሠራላችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ጣራ መደብደብ ያስተማራችሁ ሰው ከእንግዲህ ማኪናዬ ላይ አይወጣም፣ በሬንም አያልፍም። ይህን ካልወደዳችሁ አዘዞ ሂዱ፤ እዚያም እሱን የሚቀጥረው የለም። እስከ ማታ ምረጡ።

አያ ተገኘ መካከላቸው ቆሞ ነበር። የአንዱን ፊት አየ፣ የሌላውን አየ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «እሜቴ፣ በዚህ እግሬ የት እደርሳለሁ?» አለኝ። የምትሳለመው ቤ/ክ ሞልቷል፣ አንዱ ደጅ ተቀመጥ አልሁት። አንድ ሰው እንኳ አላጉረመረመም።

ማታ

መረጡ። ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ! አስረስ ጫማውን እያየ እሺ ብለዋል አለኝ። እኔ ይለምናሉ ብዬ ነበር። እግሬ ላይ ቢወድቁ፣ ቢያለቅሱ፣ ዘበኛ ላደርገው አስቤ ነበር። መልሱን ሁሉ አዘጋጅቼ ተቀምጫለሁ። የለመነ የለም። ድንቄም አብሮ መሄድ! የአንድ ቀን መንገድ ነው የቻሉት። ይበለው። እነሱንም ይበላቸው።

ሰኞ፣ ጥር ፳፰

ዘይቱ ይወርዳል። ገበያው ደርቷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ትናንት ማታ ፀዳ ዘመድ ዘንድ አድሬ ዛሬ ከእነሱ ጋር መጣሁ፣ ጋቢና ተቀምጬ። በዓይኔ ልየው ብዬ ነው። እጄን ሳሙ፣ መረቁኝ። አዘዞ ተክለ ሃይማኖት ጣራው ተደበደበ፣ ቆምን፣ ተሳለሙ። ሎዛ ማርያምም እንዲሁ።

ከዚያ አለፍ ብሎ እሱን አየሁት። አያ ተገኘ፣ በዱላ፣ ወደ ጎንደር፣ ያልሁትን የቤ/ክ ደጅ ፍለጋ ይመስለኛል። አንድ እግሩን እየጎተተ። ግርማ ዞሮ አየኝ። ቀስ በል አልሁት። ጆሮዬን ወደ ጣራው አቀናሁ። ላይ ወሬው ቀጥ አለ። አይተውታል። እጄ የበሩን እጀታ ይዟል። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ ጓ ቢያደርግ አቆም ነበር። ቁስቋምን አቆም ነበር! እሱ ደግሞ መንገዱን ለቅቆ ዳር ቆመና ነጠላውን ከራሱ አውርዶ እጅ ነሣን። አቧራችንን አለበስነው። ላይ አንዱ ሳለ፣ ሌላ ምንም።

ቀሃ ኢየሱስ ስንደርስ ጓ ጓ ጓ! ጣራው ሊወድቅብኝ ነበር። ሁሉም ወረዱ። ግንባራቸውን አፈር እስኪነካው ሰገዱ። እኔም ወረድሁ፤ ግን ዓይኔ እነሱ ላይ ነበር፣ ምን እንደ ጸለይሁ አላውቅም። አስረስ ሲነሣ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ፊቱን አዞረ።

ቀኑን ሁሉ ሳስበው ዋልሁ። እኔ ክፉ ነኝ፣ ይታወቃል፤ ክፉ ነሽ ብሎ ደመወዜን እምቢ ያለኝ የለም። እነሱ ግን?

ዛሬ ማታም ፀዳ ሄጄ ላድር ብያለሁ። እሱም ነገ ከዚያው መንገድ አይጠፋም። አጠገቡ ስንደርስ ግርማን ቀስ በል እለዋለሁ፣ ደህና አድርገው እንዲያዩት። ጣራውን ካልደበደቡ ግን ቀድሜ አላቆምም።