ቀለም የተቀባው ድልድይ

ሰኞ
ቀለሙ በጥፍሬ ተላጠ። ትናንት አባዬን ልጠይቅ ከፍኖተ ሰላም ወደ ገጠር ስወርድ፣ ወንድሜ በሠራው የእግረኛ ድልድይ ላይ ነው። የእጅ መደገፊያው ቀለም አብጦ አየሁና ፋቅ አደረግሁት። ከሥሩ ቀይ ዝገት እንደ ቅርፊት ተነሣ። ድልድዩ ዓመት እንኳ አልሞላውም! ድልድዩን ማን ይሥራው ተብሎ በተጠራው የገጠሩ ስብሰባ ላይ «ወንድሜ ጎበዝ በያጅ ነው፤ ለእሱ እኔ ዋስ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ
ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ ዝገት አስተማርኩ። አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ቀለም ከቀባነውስ ይቆማል?» አለችኝ። ንጹሕ ብረት ከሆነ ቀለሙ ውኃና ኦክስጅን ይከለክልለታል አልኳት። በዝገት ላይ ከተቀባ ግን እርጥበቱ ከሥር ሆኖ ይበላዋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ገፍቶ ያሳብጠዋል።
ይህን ስናገር ድልድዩ ትዝ አለኝ። ምናልባት መደገፊያው ብቻ ይሆናል። ምናልባት ቀለሙ ነው። ልጠይቀው።

ረቡዕ
ወደ ወንድሜ ብየዳ ቤት ሄጄ፣ የድልድዩ ብረት አሮጌ ነው ወይ አልኩት።
«ማርያምን! አዲስ ብረት ነው። አባዬ በሚሻገሩበት ላይ እቀልዳለሁ?»
አመንኩት። ቀለል ብሎኝ ልወጣ ስል ጓሮው ውስጥ የተቆራረጠ የአሮጌ መኪና ሻንሲ፣ አካሉን የሚሸከመው የሥር ብረት፣ አየሁ። የብሎን ቀዳዳዎቹ በብየዳ ተደፍነዋል። የድልድዩ ተሸካሚ ብረት ላይም ልክ እንዲህ ያለ ክብ ጠባሳ አለ። በጣቴ አሳየሁት። «እስካሁን ማን ወደቀ?» አለኝ።
ኮሌጅ ድረስ ከፍሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። አላለቀስኩም።

ሐሙስ
ሲዘንብ ዋለ። ለቀበሌው ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ከነገ ወዲያ ገበያ ነው። አህያው ከነጭነቱ፣ ልጅ ያዘለችው፣ አባዬ... ሁሉም በዚያው ያልፋሉ። ዝም ብል እኔም ከእሱ በምን እሻላለሁ?

ዓርብ
ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ፣ በላይኛው መሻገሪያ ዞሬ ወደ ገጠር ሄድኩ። ወንዙ ሞልቷል። የልማት ኮሚቴውን ሰብሳቢ አያ ታከለን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳቸው።
«ዋስ የሆንሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ።
«እኔ ነኝ፣ አያ። ተታልዬ አታለልኳችሁ።»
ከዳር ሆነው ተሸካሚውን በመዶሻ መቱት። በሦስተኛው ምት መዶሻው ብረቱን በስቶ ገባ። የተሰበሰበው ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። ማዶ ላሉት ጮኸን ነግረን በሁለቱም በኩል እሾህ አጠርን። አባዬም አጠገቤ ሆነው እሾህ ያቀብሉ ነበር።

እሑድ
ወንድሜ ወሬው ደርሶት ሳይጠራ መጣ፣ ከሁለት ሠራተኞች ጋር። ለእኔ ሰላምታ የለም። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲመለስ አባዬ ፊት ቆሞ፣ «አሮጌ ብረት ነው፤ አውቄ ነው ያደረግሁት። አፍርሼ በአዲስ እሠራዋለሁ» አለ።
አባዬ ቀና ብለው አዩት። «በየሳምንቱ ስሻገርበት ታውቅ ነበር?»
ወንድሜ መዶሻውን አነሣ።
ሰንበት ቢሆንም ማፍረሱን ጀመረ። እስኪያልቅ በላይኛው መሻገሪያ እንዞራለን፤ ሩቅ ነው፣ ግን ማንም አልወደቀም። ተመስገን። ወደ ከተማ ልመለስ ስል ወንድሜ መጥቶ እጁን ዘረጋልኝ። አልጨበጥኩትም። ነገ እንጃ።